የምዕራቡ ግድግዳ አሥራ ስምንት ቁስሎች

ሚያዝያ 14

ለሚስማሬ፣

ለዘመድ፣ ለወዳጅና ለጎረቤት በሙሉ! ቤታችንን ለሃያ ሁለት ዓመት በታማኝነት ያገለገለው ሰማያዊው የፕላስቲክ ባልዲ ሚያዝያ 3 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በድንገተኛ የበረዶ አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት መለየቱን የምገልጸው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሟች በሕይወት ዘመኑ ውሃ ቀድቷል፣ ሲሚንቶ አቡክቷል፣ አንቺንም በልጅነትሽ ተገልብጦ ወንበር ሆኖ አስቀምጧል። እጀታው በሕይወት ተርፏል። ለቅርብ ዘመዱ ለምዕራቡ ግድግዳ መጽናናትን እመኛለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ካርድሽ ስለደረሰኝ ነው። በአራት ዓመት አንድ ካርድ፣ ካርዱም ላይ አንድ መስመር! መስመሩን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ እኔ የሚጠይቅ ነገር የለበትም። ስለ በረዶው ከሬዲዮ ሰማሽ፣ ስለ ግድግዳ ጠየቅሽ፣ በቃ። እሺ፣ ስለ ግድግዳ ልንገርሽ።

ቤቱን ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ። አራት ግድግዳ፣ አራት ዓይነት ልብስ። ምሥራቁን ቆርቆሮ፣ ሰሜኑን ጣውላ፣ ደቡቡን የሲሚንቶ ሰሌዳ ያለበስኩት እኔ ነኝ። ገዢ መጥቶ ዙሪያውን ይዞራል፣ በጣቱ ይቆረቁራል፣ "የኔንም ቤት እንደዚህኛው አልብሱልኝ" ይላል። በዚህ ናሙና ቤት አሳደግኩሽ፣ ሙያውንም በእነዚህ ግድግዳዎች ላይ አስተማርኩሽ። ምዕራቡ ባዶ ነበር። ለአንቺ ሰጠሁሽ። አንቺም ፕላስቲክ አለበስሽው።

በረዶው የመጣው ከምዕራብ ነው። ትልቁ እንቁላል፣ ትንሹ አዝራር ያህላል። ከዚያ ነፋሱ ዞረና በሰሜን፣ በምሥራቅ፣ በደቡብ አለፈ። ቤቱን እንደ ገዢ ዙሪያውን አይቶ ምንም ሳይመርጥ ሄደ ማለት ነው።

ቆርቆሮው ፊት ለፊት ሲያዩት ደህና ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ በጎን ቢያዩት ግን ፈንጣጣ የጨረሰው ፊት ይመስላል። ቢሆንም አልተበሳም! ይሰረጉዳል እንጂ አይበሳም። ጣውላው በሦስት ቦታ ተሰንጥቋል። የድሮው ስንጥቅ ግራጫ ነው፣ የአሁኑ ውስጡ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ስለዚህ የድሮውንም በበረዶ ላሳብብ ብል አልችልም። የሲሚንቶ ሰሌዳው ጫፍ ጫፉ ተሸርፎ አይጥ የቀመሰው ብስኩት መስሏል። አንደኛው ስንጥቅ ከሚስማሩ ተነስቶ እስከ ታች ሄዷል። ሚስማሩን ወደ ጠርዝ አስጠግቼ የመታሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ለማንም እንዳትነግሪ።

ስለ ምዕራቡ ግድግዳ ዛሬ አልጽፍም። የባልዲው ሐዘን ገና አልወጣልኝም።

ለእጅ ጽሕፈቴ ይቅርታ።

አያትሽ

———

ሚያዝያ 22

ለተከበሩ የግድግዳ ባለሙያ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለባልዲው አዝናለሁ፤ ከቤቱ ነዋሪዎች ሁሉ ክፉ ቃል ያልወጣው እሱ ብቻ ነበር።

"እርስዎ" ማለቴ አይግረምዎት። "አንተ" የምለው ሰው መዶሻ አንስቶ ግድግዳዬን በፋርማሲስቷ ፊት የመታ ዕለት ቀርቷል። ሴትየዋ ዙሪያውን ዞራ የኔን መርጣ ነበር፤ እጇን ግድግዳዬ ላይ አድርጋ "ይህንን" አለች። እርስዎ "ቆይ ላሳይሽ" ብለው መቱትና ቀዳዳ አወጡበት፤ ከዚያም ሳቁ። እሷም ሄዳ ቤቷን ቆርቆሮ አስለበሰች። የራሴ የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን የነበረው እንዲህ ሆነ። በሳምንቱ የዕቃ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ይህን የምጽፈው ላለቅስብዎት አይደለም፤ ጠፍቶዎት ከሆነ ብዬ ነው።

አሁን የምጠይቅዎት ለሥራ ነው። የምሠራበት ድርጅት ባለ አርባ ክፍል ክሊኒክ ሊያለብስ ነው። በምን እንደሚለበስ ሐሳብ እንዳቀርብ ፎርማኑ ለእኔ ሰጠኝ። እኔም ያንኑ ፕላስቲክ አቀረብኩ። "ትልቅ በረዶ መትቶት የቆየ ግድግዳ አሳዪኝና እፈርማለሁ" አለኝ። ይህ ፕላስቲክ ተሰቅሎ እንዲህ ያለ በረዶ የመታው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው የማውቀው። እሱም እርስዎ እጅ ነው። ዕድሌን ይዩልኝ!

ግድግዳው ከተረፈ ክሊኒኩን የማለብሰው እኔ ነኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ስም። ካልተረፈም ልወቀው። እውነቱን ነው የምፈልገው፣ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ ስስ ወረቀት ለጥፈው በእርሳስ ጎን ይፈትጉት። ልጅ ሆኜ ሳንቲም ከወረቀት ስር አድርገው ያሳዩኝ የነበረውን ማለቴ ነው። ከየትኛው የሰሌዳ ረድፍ እንደሆነ ከጎኑ ይጻፉ።

ሚስማሩን ለምን ላላ አድርጌ እንደመታሁ ግን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ አላስረዳም። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲበርድ ያጥራል፣ ሲመታ ይሸሻል። ጥርቅም አድርገው ከቸነከሩት መሸሻ ያጣል። በቃ።

ከሰላምታ ጋር

———

ሚያዝያ 29

ለሚስማሬ፣

"እርስዎ" ያልሽኝን ሳነብ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ገብቶ ይሆናል ብዬ ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። ከዚያ እኔ መሆኔ ሲገባኝ ኮቴን ለበስኩና ቀሪውን ተቀምጬ አነበብኩት። እንዲህ የሚያከብረኝ ሰው ከጠፋ ቆይቷል።

በፖስታው ጀርባ በደቃቅ ፊደል ለጻፍሽው የመሰላል ጥያቄ፦ አዎ፣ አሁንም እወጣለሁ። በየቀኑ። እንደ ዝንጀሮ።

እነሆ የጠየቅሽው። አሥራ ስምንት ወረቀት፣ አሥራ ስምንት ቁስል። ከየትኛው ረድፍ እንደሆነ ከጎኑ ጽፌያለሁ፤ ከታች ጀምሮ እስከ ጣሪያ ሥር ድረስ ነው። በረዶው ሲመታው የሚያሰማውን ድምፅ በሰማሽ! ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ጮኸ፣ ጣውላው አቃሰተ፣ ሲሚንቶው ዝም አለ፣ ያንቺው ግን ፍርክስክስ አለ፤ ትሪ ሙሉ ብርጭቆ የጣልኩ መስሎኝ ነበር።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ አየውና፣

"አባባ፣ ክር ላምጣ? ልጣፍልዎት?" አለኝ።

"ተወው፣ የሰፋችው ሰው አለች" አልኩት።

"እሷማ ሄዳለች።"

"ስትመለስ ትጠግነዋለች። በኛ ሙያ ግድግዳን የሚነካው የሰቀለው ሰው ነው።"

"ታዲያ ያን ጊዜ በመዶሻ የነኩት ማን ሆነው ነው?" ብሎ ራሱን ወደ ውስጥ መለሰ። ይህ ሰው ሱሪዬን ሲያሳጥር ሁልጊዜ አንዱን እግር ከሌላው ያስበልጣል፤ ስለ ሌላ ሰው ሥራ ግን አፉን ሞልቶ ይናገራል።

ስለ ላላ ሚስማርሽ አንድ ነገር ልበልሽና ልተው። ሃምሳ ዓመት ሚስማር መታሁ። ሚስማር ይጠብቃል፤ ሥራው እሱ ነው። የላላ ሚስማር እንደ ላላ ጥርስ ነው፣ ወይ ይነቀላል ወይ ያሳፍራል። ግድግዳሽ ፀሐይ ሲነካው ቀጭ፣ ደመና ሲሆን ቀጭ፣ ቀኑን ሙሉ ቀጭ ቀጭ ሲል ነበር የሚውለው። ይህ ግድግዳ ነው ወይስ ሰዓት?

ያቺ ፋርማሲስት ደግሞ ቆርቆሮ በማስለበሷ ልታመሰግነኝ ይገባ ነበር። ሰሞኑን መንገድ ላይ ስታየኝ ታልፈኛለች። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ግድግዳሽ ተበላሽቷል። የሰቀልሽው አንቺ ነሽ፤ መጥተሽ አውርጂው። አልጋሽ እንዳለ ነው። ይህን የምልሽ እንድትመጪ ፈልጌ አይደለም፤ ደንቡ ስለሆነ ነው።

አራተኛው ወረቀት ላይ ላለው የዘይት ጠብታ ይቅርታ።

አያትሽ

———

ግንቦት 7

ለተከበሩ የግድግዳ ባለሙያ፣

አሥራ ስምንቱም ወረቀቶች ደርሰውኛል። ፎርማኑ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። አንድ በአንድ አያቸውና "የራስሽ አያት ነው የላከው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "የራስሽ አያት እንዲህ ካለ ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም" አለ።

ክሊኒኩ ቆርቆሮ ሊለብስ ነው። ውሳኔው ሰኔ 3 ይፈረማል። እኔ ከግድግዳ ሥራ ተነስቼ መጋዘን ተመድቤያለሁ። መስኮት የለውም። ከእንግዲህ የሌሎችን ሰዎች መዶሻ ነው የማድለው።

ከመጀመሪያው እውነት ከሆነ እቀበለዋለሁ ብዬ ነበር፤ እቀበለዋለሁ። አንጀትዎ ቅቤ ጠጥቶ ይሆናል።

ወደ ቤት አልመጣም። ግድግዳውን ልብስ ሰፊው ያውርደው።

———

ግንቦት 14

ለሚስማሬ፣

ደብዳቤሽ አጭር ነበር። የኔም አጭር ይሆናል፣ ጉንፋን ይዞኛል።

መጋዘን እኮ መጥፎ አይደለም። እኔም በወጣትነቴ አንድ ዓመት መጋዘን ሠርቻለሁ፤ ዝናብ አይነካሽ፣ ፀሐይ አይነካሽ፣ ሰው አይነካሽ። እውነቱን ለመናገር አንድ ዓመት አልሞላሁም። አሥራ አንድ ቀን ነው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በሩን ከፍቼ ሄድኩ።

የኔ ሐሳብ እኮ "ግድግዳው ተበላሸ" ስልሽ ተናደሽ ትመጪያለሽ የሚል ነበር። ስትናደጂ ፈጣን ነሽ። ጠረጴዛ ላይ ደርድረሽ ለፎርማን ታሳያለሽ ብዬ አላሰብኩም። አዎ፣ ለሥራ ነው ብለሽኝ ነበር። ጽፈሽልኝ ነበር። አንብቤዋለሁ። ሰው ግን የሚያነበው የሚፈልገውን ነው።

ወረቀቶቹ በትክክል ከየትኛው ረድፍ እንደሆኑ ከደብዳቤሽ በኋላ ማክሰኞ በላክሽው ማስታወሻ እንደገና የጠየቅሽኝ ለምንድነው? ጽፌልሻለሁ አይደል? የሽማግሌ እጅ ጽሕፈት ላይ ምን ይህን ያህል ያስፈጥጣል?

አንድ ሌላ ነገር ልጽፍልሽ ጀምሬ ነበር፤ ተውኩት። ጉንፋኑ ይለፍና።

የናሙናው ቤት በር ክፍት ነው። ፖስታውን አጉል ስላሸግኩት ይቅርታ፣ ምላሴ ደርቋል።

አያትሽ

———

ግንቦት 20

አንተ ሽማግሌ!

"አንተ" ብዬ ስለጻፍኩ ይቅርታ አልጠይቅም። እርስዎ የሚባል ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይሠራም።

መጋዘን ውስጥ ሰው አይነካህም ብለህ የጻፍከው እውነት ነው። ስለዚህ ጊዜ አገኘሁና አሥራ ስምንቱን ወረቀቶችህን ወለል ላይ ዘርግቼ እንደገና አየኋቸው። መጀመሪያ ሳያቸው ዓይኔ እንባ ይዞ ነበር፤ ስንጥቁን ብቻ ነበር ያየሁት። አሁን ዙሪያውን አየሁ።

አንደኛ። "ከጣሪያ ሥር" ብለህ በትልቁ በጻፍክበት ወረቀት ጠርዝ ላይ የውሃ ቧንቧው ክብ ቀለበት አብሮ ተፈትጓል። የውሃ ቧንቧ ከጣሪያ ሥር የሚተክል ሰው በዓለም ላይ የለም። ያ ቧንቧ ያለው ወገብህ ጋ ነው።

ሁለተኛ። በአሥራ ሰባቱ ወረቀቶች ላይ ፕላስቲኩ እንደተቆነጠጠ ቆዳ ተሰብስቧል። በየስንዝሩ! እኔ ሚስማር የምመታው በየስንዝሩ ነው። የመታሁትን ግን አላጠበቅሁትም። አጥብቆ የመታው ሌላ ሰው ነው። ለዚያ ደግሞ የላይኛውን ሰሌዳ ከታችኛው ማላቀቅ ነበረበት፤ የሰሌዳው ከንፈር ላይ የተጫረውም አለ። በምን እንደተጫረ ታውቃለህ? በማንኪያ እጀታ! ጫፉ ላይ ያለው የአበባ ጌጥ ሳይቀር ተፈትጓል። ዕድሜ ልኬን የበላሁበትን ማንኪያ አላውቀውም ብለህ ነው?

ሦስተኛ። አሥራ ስምንተኛው የበረዶ አይደለም። በረዶ ማዕዘን የለውም። ይህ አራት ማዕዘን ነው፤ አንዱ ማዕዘን ተሸርፏል። ያንን መዶሻ በስድስት ዓመቴ ከመሰላል ላይ ጥዬ የሸረፍኩት እኔ ነኝ። በፋርማሲስቷ ፊት ያወጣኸውን ቀዳዳ በወረቀት ፈትገህ "በረዶ ነው" ብለህ ላክህልኝ! ዓይንህን በጨው ነው የታጠብከው?

እና አሁን የገባኝን ልንገርህ። ከሄድኩ በኋላ ግድግዳዬን ነካክተኸዋል። ከወገብህ በታች አትጎነበስም፣ ከግንባርህ በላይ አትደርስም፤ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ረድፍ ያለውን ነው ያጠበቅከው። የተሰነጠቀውም እሱ ብቻ ነው። ከዘጠነኛው እስከ አሥራ ስድስተኛው ያለው፣ ከጎኑ የጻፍከው ምንም ይበል፣ አንድም እውነተኛ ወረቀት የለውም። "እንደ ዝንጀሮ እወጣለሁ" አልክ። መሰላሉን ካየኸው ስንት ዓመትህ ነው?

ለዘይት ጠብታ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ለፖስታ ማሸጊያ ይቅርታ ትጠይቃለህ። ሌላ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር በዚህ ዓለም ላይ አልታየህም።

እስከ ሰኔ 3 ጊዜ አለ። እውነቱን ለፎርማኑ ጻፍና ፈርም። አንተን ማን ያምንሃል፤ ምስክር አስፈርም። ካልጻፍክ ከእንግዲህ ካርድም አይደርስህም።

———

ግንቦት 27

ለሚስማሬ፣

ከዚህ ጋር ያለውን ለፎርማንሽ ስጪው። በጥሩ ወረቀት ላይ ነው፣ ዘይት የለበትም።

"እኔ ሃምሳ ዓመት ቤት ያለበስኩ ሰው የሚከተለውን ቃሌን እሰጣለሁ። የምዕራቡን ግድግዳ በፕላስቲክ ያለበሰችው የልጅ ልጄ ናት። ሚስማሩን ላላ አድርጋ መታች። ከሄደች በኋላ ከአራተኛው እስከ ስምንተኛው ረድፍ ያለውን ሳታውቅ በማንኪያና በመዶሻ ያጠበቅኩት እኔ ነኝ። ሚያዝያ 3 እንቁላል የሚያህል በረዶ ከየትኛውም ግድግዳ አስቀድሞና አብዝቶ የመታው ይህንን ነው። እኔ የነካሁት በአሥራ ሰባት ቦታ ተሰነጠቀ። እሷ እንደሰቀለችው የቀረው፣ ከታች ሦስት ከላይ ስምንት ረድፍ፣ አንድም ስንጥቅ የለበትም። እኔ ያለበስኳቸው ሦስቱ ግድግዳዎች ሁሉም ተጎድተዋል። አሥራ ስምንተኛው ቀዳዳ የመዶሻዬ ነው። በመጀመሪያ የላክሁት ቃል ውሸት ነበር። ይህኛው እውነት ነው።"

ከታች ሁለት ፊርማ አለ። የላይኞቹን ረድፎች መሰላል ወጥቶ ያየልኝ ልብስ ሰፊው ነው፤ ስለዚህ አንዱ የሱ ነው። ሲወርድ "አባባ፣ እንዲህ ያለ ስፌት አይቼ አላውቅም" አለ። ለአንቺ ነው ያለው፣ እንዳትኩራሪ። እኔ መሰላል ከወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ጉልበቴ ነው።

ሁለተኛው ፊርማ የፋርማሲስቷ ነው። ወረቀቱን ይዤ መድኃኒት ቤቷ ሄድኩ። ሁለት ሰዎች መድኃኒት እየገዙ ነበር፤ እስኪወጡ ልጠብቅ አልኩና፣ ያኔ መዶሻውን ሳነሳ ማንም እስኪወጣ አልጠበቅኩም ብዬ በፊታቸው ተናገርኩ። "ያን ቀን ይህን መርጠሽ ነበር፤ በመዶሻ ያስፈራራሁሽ እኔ ነኝ። ዛሬ ቆርቆሮሽ ፈንጣጣ የያዘው በኔ ነው" አልኳት። እሷም ፈረመችልኝና "ይቅር ብዬዎታለሁ፣ ጋሼ" አለችኝ። ሁለቱ ሰዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ለጉልበቴም የሚቀባ ሰጠችኝ። እንዲህ በሰላም አለቀ።

ለምን አጠበቅከው ብትዪኝ። ቀጭ ቀጭ ይላል ብዬሽ ነበር፤ ለዚያ ነው። ከሄድሽ በኋላ ቤቱ ዝም አለ፤ እሱ ብቻ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው ቀጭ ይላል። አንቺ ከውጭ ሆነሽ ዕቃ የምታነሺ እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ በር ከፈትኩ። ሦስተኛውን ጊዜ ማንኪያ ይዤ ወጣሁ።

ከዘጠነኛው ረድፍ በላይ ያለው አሁንም ቀጭ ይላል።

አያትሽ

———

ሰኔ 6

አባባ፣

ወረቀቱ በሰኔ 2 ደረሰ። ፎርማኑ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ "ይህን ሰው ልቀጥረው ነው ወይስ ልከስሰው?" አለ። ሰኞ መሰላል ላይ ነኝ። አርባውም ክፍል የኔ ነው። ሚስማሩ ላላ ይላል፣ ደግሜ አልናገርም።

አሁንም ተናድጃለሁ፤ አልበረደልኝም። ስለ ፋርማሲስቷ የጻፍከውን ግን አላመንኩም። እንዲህ በሰላም የሚያልቅ ነገር አንተ ቤት ዞሮ አያውቅም። ምን ነበር ያለችህ?

———

ሰኔ 13

ለሚስማሬ፣

አርባ ክፍል! ጣትሽን እንዳትመቺ። ፎርማንሽን ግን እኔን ሊቀጥር ከፈለገ መሰላል የሌለበት ሥራ ያዘጋጅልኝ በይው።

ለጠየቅሽኝ። ባለፈው ደብዳቤዬ ውስጥ አንድ የፈጠርኩት ነገር አለ። ፊርማው እውነት ነው፣ ሁለቱ ሰዎች እውነት ናቸው፣ ቅባቱም እውነት ነው፤ ያቃጥላል። ፋርማሲስቷ "ይቅር ብዬዎታለሁ" አላለችም። እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ደብዳቤው ጥሩ መጨረሻ እንዲኖረው ብዬ።

እሷ ያለችው ሌላ ነው። ብዕሩን መልሳ ኪሷ ከተተችና፣ "ለኔ ምን ይነግሩኛል፣ ጋሼ? የኔ ቆርቆሮ ነው የተሰረጎደው። ያን ቀን በኔ ፊት የተዋረደችው እሷ ናት፤ ይሂዱና ለእሷ ይንገሯት" አለችኝ።

ስለዚህ ለአንቺ እላለሁ። ለዘይቱ አይደለም፣ ለፖስታው አይደለም፣ ለእጅ ጽሕፈቴም አይደለም። ስለ መዶሻው ነው። ይቅርታ።